ለቦሎ ቀን የምትሞሸር መኪና

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት እንዋሳለን። ደህና ጎማ ያለው ዘመድ ይፈለጋል። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ሙሽራ ትመስላለች። መካኒኩ ካርቡራቶሩን ቆንጠጥ ያደርግልንና ጭሱ ለአንድ ቀን ይጠፋል። ምርመራውን አልፈን ቦሏችንን መስታወት ላይ ከለጠፍን በኋላ በማግስቱ ተመልሰን «ኧረ ስትነሳ ትንተባተባለች፣ እንደ ነበረች አድርግልኝ» እንላለን። «እንላለን» ያልኩት እኔም ስላደረግሁት ነው። ያውም ሁለት ዓመት በተከታታይ።

በሁለተኛው ዓመት ጋራዥ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የመጣው መካኒክ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ዲኤክሴን አይቶ፣ እኔንም አይቶ ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ለፈተና ብቻ አታጥኑ ይሉን አልነበር?» አለኝ። ምን ልበለው? ሰላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስንቱን ልጅ በዚችው ቃል እንደገሠጽኩ እናንተው ታውቃላችሁ።

ግን ይህን የምጽፈው ስላፈርኩ ብቻ አይደለም። ባለቤቴና ትንሿ ልጄ በቢቸና መንገድ በሄድን ቁጥር ራሳቸውን ያማቸው ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ ያቅለሸልሻታል። «ጉዞ አይስማማቸውም» ብዬ ትቼው ነበር። ከመኪና ወርደው አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡ ይተዋቸዋል፤ ይሄም እንኳ አላነቃኝም። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት የሚከፍት የለም። ያ ልጅ ከስር ገብቶ ሲያይ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከማርሚታው በፊት ተበስቷል። ላለፈው ምርመራ በቆርቆሮና በሽቦ የታሰረው ላልቷል። ከኋላ ወንበር እግር ስር፣ ከምንጣፉ በታች፣ ወለሉ ዝጎ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ቤተሰቤን ከሞተሩ ጭስ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቼ ስነዳ ነበር ማለት ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ብዙ ከሆነ ይገድላል፤ ከሰል አንድደው ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎች የሚሞቱት በዚሁ ነው። እና መኪናችንን ለምርመራ በወሰድኩባቸው ጊዜያት ጭሷ የታየው በዓይን ነበር። የማይታየውን ጋዝ በዓይን አይቶ ማሳለፍ እንዴት ነው?

አሁን ትንሽ ፊዚክስ ታገሡኝ፣ ልማድ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውና ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። የድሮ ካርቡራቶር ይህን አያውቅም። ዝቅ ላለ አገር ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። የወፈረ ድብልቅ በደንብ አይቃጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑም ያልቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወርዱ አሮጌዋ መኪና እንደገና ወጣት የምትሆነው አየር ስላገኘች ነው። ሙቀቱን ያመሰገናችሁ ሁሉ፣ ሙቀቱ አይደለም።

ስለዚህ ለደጋ አገር መኪና ዋናው ዝግጅት ለአንድ ቀን ሚኒሞ መቆንጠጥ አይደለም። ካርቡራቶሩን አስፈትቶ ማጠብ፣ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ጄት በጠበበች መተካት፣ የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ነው። ከዚያ በፊት ግን ርካሹን ጨርሱ። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ከታፈነ በዚያችው ሳሳ ያለች አየር ላይ ሌላ ማነቆ ነው። ካንዴላና ፑንቲና ይታዩ። ዘይት ይቀየር። ቱቦው ይበየድ፣ በሽቦ አይታሰር። ለምርመራ ስትሄዱም ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይግባ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሁልጊዜ ይበልጥ ያጨሳል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነውና ካርቡራቶር ላይ ገንዘብ አትጨርሱ፤ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ኖዝሉን አስፈትሹ። ፓምፓውን አስለቅቀው ጥቁር ጭስ እያንቦገቦጉ «ኃይል አላት» የሚሉ የአይሱዙ ሾፌሮች አሉ። ያ ጥቁር ነገር ሳይነድ የወጣ ናፍጣችሁ ነው፤ ከኋላችሁ ላለው እግረኛ በነጻ የምታድሉት። ካታሊስቱን አስወጥቶ ስለመሸጥ ዝም ብል ይሻለኛል፣ እናደዳለሁ።

«ታዲያ አሮጌ መኪና ለምን አይታገድም?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን አሮጌው እንዳይገባ ሲደረግ እዚህ ያለው አሮጌ ዋጋው ናረ እንጂ ከመንገድ አልወጣም። የመምህር ደመወዝ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ስለዚህ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። እንዲህ ከሆነ ምርመራው የእውነት ይሁንልን ነው የምለው። ጋዝ መለኪያው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይግባ፣ ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ የወደቀ ደግሞ ጠግኖ የሚመለስበት ጊዜ ይኑረው። ተማሪ ወረቀቱ ሳይመለስለት የት ላይ እንደተሳሳተ እንዴት ያውቃል? መለኪያው ለደጋው አየር የተስተካከለ መሆኑም ይታይ፤ አለበለዚያ ዳገት ላይ ስለኖርን ብቻ እንወድቃለን።

ዲኤክሴ አሁን ቱቦዋ ተበይዷል፣ ወለሏ ተለጥፏል፣ ጄቷ ተቀይሯል። ባለፈው እሑድ ቢቸና ደርሰን መጣን። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር፣ ዝም በይ እስክላት።

የመካኒኩን ስልክ እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እናንተም ከመኪና ወርዳችሁ የሚተዋችሁ ራስ ምታት ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ።