የሯጭ ወገብና የጓደኛ ግፊት

ኅዳር ሲቃረብ የግቢያችን የስፖርት ሜዳ ይሞላል። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የታላቁ ሩጫ ቀን መድረሱ ሲሰማ፣ ዓመቱን ሙሉ ከመማሪያ ክፍል ወንበርና ከቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ያልተለየው ተማሪ 10 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሳምንት ልምምድ ሊወጣው ማልዶ ይነሣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ፣ ዳሌውን እያሸ እናገኘዋለን። መድኃኒቱ ደግሞ ከጓደኛው እጅ ይመጣል። ተማሪው ጉልበቱን ሳያጥፍ ቆሞ ወደ እግሩ ጣቶች ያጎነብሳል፤ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ትከሻውን ቁልቁል ይጫነዋል፤ «በርታ፣ ትንሽ ቀረህ!» ይለዋል። ተጫኙም ጥርሱን ነክሶ ወደ ላይና ወደ ታች እየነጠረ ሊደርስበት ይታገላል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ልማድ ልንቃወም ተነሥተናል። እኛ የፊዚክስ መምህር እንጂ የሕክምና ባለሙያ አይደለንም፤ ሆኖም ወገብም ቢሆን ከኒውተን ሕግጋት አያመልጥምና ስሌቱን ከአንባቢያን ጋር አብረን እንሥራው።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ፣ ራሱንና ክንዶቹን ጨምሮ፣ በግምት 36 ኪሎ ግራም ይሆናል። ጀርባው ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን ሲያጎነብስ የዚህ ክብደት ማእከል ከታችኛው የወገብ አንጓ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይርቃል። ክብደቱን 360 ኒውተን ብለን ብንወስድ ወገቡን ወደ ፊት የሚያጥፈው ቶርክ 108 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን መመከት ያለባቸው ከአከርካሪው በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ግን ከአንጓው መሐል የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 2160 ኒውተን መሳብ ይኖርባቸዋል፤ 216 ኪሎ ግራም እንደ ማንጠልጠል መሆኑ ነው። አሁን ጓደኛው ይምጣ። ከአንጓው 45 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው ትከሻ ላይ በ100 ኒውተን ቢጫን፣ ይህም የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው፣ በእነዚያው ጡንቻዎችና ጅማቶች ላይ ሌላ 900 ኒውተን ይጨመራል። ሲነጥርበትማ ከዚህም ይበልጣል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ የሚያመለክቱት ግን ግልጽ ነው። ሊለጠጥ የታሰበው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሆኖ ሳለ ሸክሙን የሚቀበለው አስቀድሞ የታመመው ወገብ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከስሌት ብቻ ተነሥተን አይደለም። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ ቀኑን በቤተ ሙከራ ተቀምጠን ውለን ማታ ማታ እንሮጥ ነበር። አንድ የሩጫ ባልደረባችን እንዲሁ በቅን ልቡና ተጭኖን ለአንድ ሳምንት ያህል የጫማችንን ማሰሪያ ለማሰር እግራችንን ወንበር ላይ መስቀል ግድ ሆኖብን ነበር። ያየን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክሩ አጭር ነበር፦ «ግፊቱን ቀንስ፣ ጊዜውን ጨምር።» የቁስ አካላትን ባሕርይ ለሚያጠና ሰው ይህን ከሌላ መስማት ትንሽ ያሳፍራል።

ጡንቻና ጅማት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደምናውቀው ሞላ፣ በሁክ ሕግ ብቻ የሚገዙ አይደሉም። ቪስኮኤላስቲክ ናቸው፤ ማለትም ምን ያህል እንደ ተሳቡ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደ ተሳቡም ይለያሉ። የዳቦ ሊጥ ያቦካ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ በዝግታ ሲስቡት እየረዘመ ይመጣል፣ በድንገት ሲጎትቱት ይበጠሳል። ጡንቻንም በአንድ ርዝመት ላይ ይዘን ብንቆይ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ የሚመልሰው ጉልበት በሴኮንዶች ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ሊጥ የሌለው ነገር አለ፤ ነርቭ። በጡንቻ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ተቀባዮች ፈጣን መለጠጥ ሲሰማቸው ጡንቻው እንዲኮማተር ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። የሚነጥር ተማሪ እንግዲህ በአንድ በኩል እየሳበ በሌላ በኩል ጡንቻውን ለመኮማተር ያነሣሣዋል።

ዳሌና ወገብ አብረው የሚታመሙትስ ለምንድን ነው? ሶአስ የሚባለው ጡንቻ ከወገብ አንጓዎች ተነሥቶ በዳሌ ፊት ለፊት ካለፈ በኋላ ከጭን አጥንት ጋር ይያያዛል። በሩጫ ጊዜ የኋለኛው እግር ወደ ኋላ ሲዘረጋ ይህ ጡንቻ መለቀቅ አለበት። ግትር ከሆነ ዳሌው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የወገብ ጉብጠትም ይጠልቃል። 10 ኪሎ ሜትር ለጀማሪ 9000 ያህል እርምጃ ነው፤ በእያንዳንዱም መሬቱ ከክብደታችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሆነ ጉልበት ይመልስብናል።

ይሁንና ማፍታታት ከሚሰጠው በላይ እንዲሰጥ መጠበቅም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖፕና ባልደረቦቹ 1538 የአውስትራሊያ የጦር ሠራዊት ምልምሎችን አጥንተው ከልምምድ በፊት ጡንቻን መለጠጥ ጉዳትን በጉልህ እንደማይቀንስ ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮክሬን የታተመው የሄርበርትና የባልደረቦቹ ግምገማም ማፍታታት በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም የሚያቃልለው እጅግ በጥቂቱ መሆኑን አሳይቷል። ለጥቂት ሳምንታት በሚደረግ ማፍታታት ሰውነት «የላላ» የሚመስለን እንኳ ጡንቻው ስለ ረዘመ ሳይሆን በአመዛኙ ነርቮቻችን መሳቡን መታገሥ ስለ ለመዱ ነው።

ታዲያ ለምን እንድከም? ስሜቱ ስለሚቀል፤ የቀለለው ሰውም ዳሌውን እንደ ልቡ ስለሚያንቀሳቅስ። ለእኛ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ዘላቂው መፍትሔ ግን ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ መጨመርና የመቀመጫ ጡንቻዎችን ማጠንከር ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አደራረጉን በተመለከተ ጊዜው ከሩጫ በኋላ ወይም ማታ፣ ሰውነት ሞቆ ሳለ ይሁን። ከሩጫ በፊት ፈጠን ያለ እርምጃና ቀላል ሶምሶማ ይበቃል። ለወገብ፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተንጋሎ አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረት ማስጠጋት ነው። እዚህ ላይ የላይኛውን አካል መሬቱ ስለሚሸከመው ያ ሁሉ ቶርክ ይቀራል። ለዳሌ፣ እዚያው ተንጋለው የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጭን ላይ አሳርፈው ጭኑን ወደ ራስ መሳብ ነው። ለሶአስ፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ ሌላውን እግር ከፊት ተክሎ መቀመጫን ጠበቅ ማድረግና ወገብን ሳይለምጡ ዳሌን በጥቂቱ ወደ ፊት መግፋት ነው። መሳቡ ከብሽሽት በላይ ሊሰማ ይገባል፤ ወገብ ላይ ከተሰማ አቋሙ ተበላሽቷል። በእያንዳንዱ ለ30 ሴኮንድ ያህል በጸጥታ እየተነፈሱ መቆየትና ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። ባንዲና አይሪየን እ.ኤ.አ. በ1994 በጭን የኋላ ጡንቻ ላይ ባደረጉት ጥናት 60 ሴኮንድ ከ30 ሴኮንድ የተሻለ ውጤት አላስገኘም። መለኪያው መሳብ እንጂ ሕመም አይደለም፤ ፊት ከተጨማደደ አልፏል።

በዝግታም ቢሆን ሊፍታታ የማይገባው ሕመም አለ። ከወገብ ተነሥቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሥቃይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሽንትን መቆጣጠር ያቃተው ወይም ብልቱ አካባቢ የደነዘዘው ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ብሽሽት ላይ ሆኖ በአንድ እግር ሲቆሙ ወይም ሲዘሉ የሚጠናው ሕመም ደግሞ የጭን አጥንት አንገት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ምግብ እያሳነሱ ልምምድ በማብዛታቸው የወር አበባቸው የቀረባቸው እኅቶቻችን ይህን ቸል ማለት የለባቸውም። እንዲህ ያለውን ዳሌ ለጓደኛ ግፊት ቀርቶ ለተመሰገነ ወጌሻ እጅም አሳልፎ መስጠት አይገባም፤ ራጅ እስኪነሣና ሐኪም እስኪያየው ድረስ ሩጫው ይቁም። ቲሸርቱ እንደሆነ መንገድ ዳር ቆሞ ለማጨብጨብም ያገለግላል።