ዶሮዋን ከመውቀሳችን በፊት

በጋይንት ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ብርድ የሚነገር ነገር አይደለም፤ አብሮት የኖረ ጎረቤቱ ነው። የከተማችን ስም ራሱ ነፋስ መውጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከጉና በኩል የሚመጣውን ነፋስ ክረምት ከበጋ ስትቀበል ትኖራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት በዚህ አገር፣ ከቅርፊቱ ገና የወጣ እርጥብ ጫጩት እናቱ ትታው ብትሄድ ምን ይሆናል? ጥያቄው ለብዙ ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። አንድ ዓመት ዘጠኝ እንቁላል አስታቀፈቻት። እኔም እንቁላሉ በበዛ ቁጥር ጫጩቱ ይበዛል ብዬ፣ አያቴ ሳታይ ቄቧ የጣለቻቸውን አራት እንቁላሎች ከሁለት ቀን በኋላ ከሥሯ ጨመርሁ። ሃያ አንደኛው ቀን ሲደርስ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። ዶሮዋ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ የጨመርኋቸው አራቱ ቅርፊታቸውን የሰበሩት እርሷ ከወጣች በኋላ ነበር።

አያቴ ያን ዕለት ለቅሶ ሄዳ አላደረችም ቤት። አራቱን እርጥብ ጫጩቶች ባዶ ጎጇቸው ውስጥ ሲጮኹ አገኘኋቸው። ዶሮዋን «ጨካኝ» ብዬ በድንጋይ አባረርኋት። ጫጩቶቹንም ሰብስቤ፣ እንጀራ በወተት አርሼ፣ አፋቸውን በግድ እየከፈትሁ አጎረስኋቸው። ደረታቸው በወተት ራሰ። ማታ በካርቶን አድርጌ በሩ አጠገብ አስቀመጥኋቸውና የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ተኛሁ። ሲነጋ አራቱም ደርቀው ነበር።

አያቴ ስትመለስ አንዱን አንሥታ ሆዱን በጣቷ ዳበሰችው። «አንተ ልጅ፣ እነዚህ እኮ ጠግበው ነው የሞቱት። የገደላቸው ብርድ ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከጫጩቶቹ ያደጉት ተሸጠው ለመስከረም ደብተር እንደሚገዙልኝ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው ልጅነትን ለመናፈቅ አይደለም። እናት ዶሮ ጫጩቷን ተወች ሲባል፣ በአብዛኛው ከመተውዋ በፊት የሰው እጅ እንዳለበት ስለማምን ነው።

ዶሮ በተፈጥሮዋ እንቁላሏን በየቀኑ ትጥላለች እንጂ ወዲያው አትታቀፍም። ቁጥሩ ሲሞላላት በአንድ ጊዜ ትቀመጣለች፤ ስለዚህም ጫጩቶቹ በተቀራረበ ሰዓት ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት እንኳ በቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ድምፅ ያሰማሉ፤ እርሷም ትመልስላቸዋለች። አዲስ የወጣ ጫጩት በሆዱ የቀረው የአስኳል ስንቅ ስላለው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያለ እህል ሊቆይ ይችላል። እናትየዋ የኋለኞቹን የምትጠብቀው በዚህ ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ግን የወጡትን ማብላት አለባት። ዘግይቶ የተጨመረ እንቁላል ካለ፣ ዘጠኙን ለማዳን አራቱን ትታ መነሣቷ የግድ ነው። ይህን ጭካኔ ማለት የማይገባ ፍርድ ነው። ሒሳቡን ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ።

ሌሎቹም ምክንያቶች ቢመረመሩ ወደ ደጃችን ይመጣሉ። ታቅፋ ሳለች እህልና ውሃ በአጠገቧ ካላገኘች ረኃብ ያስነሣታል። ጎጆዋ ቅንቅን ካፈራ ሌሊቱን ሙሉ ስትበላ አድራ ትሸሻለች። ሰው፣ ውሻና ድመት የሚመላለስበት ቦታ ላይ ከተቀመጠች አትረጋም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የሚታቀፉትን እንቁላሎች በከሰል ምልክት ማድረግና ሌላ ዶሮ መጥታ የጣለችውን በየዕለቱ ማንሣት፣ ጭዱን መለወጥ፣ ጥሬና ውሃ ማቅረብ፣ ጸጥ ያለ ጥግ መስጠት። ይህን ሳናደርግ ዶሮዋን መውቀስ ራስን ነጻ ማውጣት ነው።

እሺ፣ ጫጩቱ ተትቷል፤ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ርኅራኄ ያለ ዕውቀት እንደ እኔው ይገድላል። ፍጥረቱን ማወቅ ይቀድማል። የርግብ ጫጩት ወይም በውጭው ዓለም በቤት የሚያሳድጓት የትንሿ በቀቀን ጫጩት ዕርቃኗንና ዓይኗ ሳይገለጥ ትወጣለች፤ እናትና አባቷ ከሆዳቸው እያወጡ ካላጎረሷት ሟች ናት። የእኛዋ ዶሮ ጫጩት ግን ዓይኑ ክፍት ነው፤ በእግሩ ይሄዳል፤ በራሱ አፍ ይለቅማል። የሚያጎርሰው አይፈልግም። ያጣው አንድ ነገር ነው፤ የእናቱን ደረት። ገላው የራሱን ሙቀት መጠበቅ የሚችለው ላባ ሲያበቅል ነውና እስከዚያው ሙቀትን ከሌላ ይዋሳል። የበረደው ጫጩት ቢያጎርሱትም ምግቡ አይፈጭለትም፤ አያቴ በጣቷ ዳብሳ ያወቀችው ይህንን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ እህል። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ያለበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሞቅ ይገባል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። የሙቀት መለኪያ ለሌለው ቤት ጫጩቶቹ ራሳቸው መለኪያ ናቸው። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ተበታትነው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ተዘርግተው ዝም ካሉ ተመችቷቸዋል። መብራት በሌለበት ቤት ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀበት ሣጥን የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ የእርሻ ባለሙያዎች በአገራችን ሲያስተምሩት የኖሩት ዘዴ ነው። ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በመካከላቸው ማኖር ይረዳል። ውሃው ጠጠር በተደረገበት ገል ይቅረብ፤ አለዚያ ይሰምጡበታል። የተፈጨ ሻካራ እህልና የተቀቀለ አስኳል በጥቂቱ ይበቃቸዋል። ይህ ሁሉ ለደጋው ነው። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ግን ቀን ቀን የሚያሰጋው ሙቀቱ ስለሆነ ጥላና ውሃ ይቀድማሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌላ እናት ማግኘት ነው። የታቀፈች ወይም በዚያው ሰሞን የፈለፈለች ዶሮ በጎረቤት ካለች፣ የአንድና የሁለት ቀን ጫጩቶችን በጨለማ ቀስ አድርጎ ከሥሯ ማስገባት ይቻላል። በቀን ብታያቸው ባዕድ ናቸው ብላ ልትነክሳቸው ትችላለች፤ ሌሊቱን ያቀፈቻቸውን ግን ሲነጋ ብዙውን ጊዜ የራሷ አድርጋ ትነሣለች። በዶሮ ዓለም ጉዲፈቻ የሚፈጸመው በጨለማ ነው።

ጫጩቱን በእጁ የሚያሳድግ ሰውም አንድ ነገር ይወቅ። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናቱ፣ እንደ ዝይ ያሉ አዕዋፍ እንደተፈለፈሉ በመጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናቴ ብለው እንደሚከተሉ አሳይቷል፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱም እርሱ ነው። የዶሮ ጫጩትም እንዲሁ ነው። አንሥቶ ያሞቀውን ሰው ይከተላል። ስለዚህ አንድ ቀን አዝኖ አንሥቶ በማግሥቱ መርሳት ሁለተኛ መተው ነው፤ የመጀመሪያው በዶሮዋ ከተሳበበ ይኸኛው በማን ይሳበባል?

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልምጣ። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው ተብላ ስትነቀፍ እንሰማለን። እውነት ነው፤ በብዙ ጥናት ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው። ነገር ግን ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ፣ ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ጫጩቶቿን ከጭላት ስትከላከል፣ ጭራ ስታበላ፣ ሌሊት በክንፏ ስትሸፍን የምታሳልፈውን ጊዜ ማን ቆጠረላት? ብዙ የሚጥሉት የውጭ ዝርያዎች ብዙ የሚጥሉት አንድም የመታቀፍ ጠባይ በምርጫ ስለጠፋባቸው ነው። እናትነቷን ቀንሶ እንቁላሏን የጨመረው ሰው ነው። ልጆቻቸው የሚፈለፈሉት በማሽን ነው፤ ሲወለዱ ጀምሮ እናት የላቸውም። ለገበሬው የ45 ቀን ጫጩት የሚሰጠውም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ከባድ መሆኑ ስለታወቀ ነው።

የተሻሻለ ዝርያ አይግባ አልልም። የደብተርና የጨው ዋጋ ከእንቁላል የሚወጣበትን ቤት አውቃለሁና፤ ብዙ እንቁላል በረከት ነው። የምለው ይህ ነው፤ የእናትን ሥራ ከዶሮዋ ስንወስድ ሥራው አልጠፋም፤ ወደ ሰው ትከሻ፣ በተለይም ወደ እናቶቻችን ትከሻ ተዛወረ። ስለዚህ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ዝርያ ሲታደል የማሞቂያው ሣጥንና የፈንግል ክትባቱ አብረው ይታደሉ፤ ሴቶቹ ከአያቶቻቸው የወረሱት የማስታቀፍ ዕውቀትም እንደ ዕውቀት ይቆጠር፣ ይጻፍ፣ ለልጆቻቸው ይነገር።

እኔ ያን ጊዜ የሚነግረኝ አልነበረም ብዬ አላመካኝም። አያቴ ቤት ነበረች፤ አልጠየቅኋትም። እንቁላሎቹን ተደብቄ ጨመርሁ፤ ዶሮዋንም በድንጋይ አባረርሁ። ዘጠኙን ይዛ ግቢው ጥግ ላይ ክንፏን ዘርግታ ቆማ ስታየኝ ዛሬም ትታየኛለች።