ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት ከሶፋው እንለካ

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሳሎን አደራደር በወጣው ጽሑፍ «ግድግዳችሁ የቻለውን ያህል ትልቅ ቴሌቪዥን ግዙ» የሚል ምክር አነበብኩ። እኔ እንጀራዬ ዲሽ መትከልና ቴሌቪዥን መስቀል ነው። ሥራዬ በየሰው ሳሎን ስለሚያስገባኝ፣ ይህ ምክር ስንቱን ቤተሰብ ለማይረባ ወጪ እንደሚዳርግ በቅርብ አያለሁ። መጠኑን መወሰን ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከመቀመጫችን እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀትና ቤት ውስጥ የምናየው ነገር ጥራት።

ሱቅ ውስጥ «65 ኢንች» ሲባል ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተለክቶ ነው፤ ወደ 165 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሙያው በብዛት የሚሠራበት ስሌት ይህን ቁጥር በ1.6 ማባዛት ነው። እንግዲህ ለ43 ኢንች 1.75 ሜትር፣ ለ55 ኢንች 2.2 ሜትር፣ ለ65 ኢንች ደግሞ 2.6 ሜትር ያህል ርቀት ይመጣል። ሶፋው ከግድግዳው 3 ሜትር ለሚርቅበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን 65 ኢንች ልክ ነው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጽሑፋችሁ አልተሳሳተም።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ለጠራ ምስል ብቻ ነው። በቅርቡ አንዲት እህት ባለ 65 ኢንች አሰቅላኝ መጀመሪያ የከተተችው የሠርጓን ዲቪዲ ነበር። የካባዋ ጥልፍ ተደበላልቆ፣ የሚዜዎቹ ፊት ጠርዝ ጠርዙ ተሸራርፎ ታየ። «ወንድሜ፣ እስቲ ገመዱን ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞክረው» አለችኝ። ገመዱ ምንም አልነበረበትም። ከሶፋው አስነስቼ እስከ ኩሽናው በር ወደ ኋላ ወሰድኳት፤ እዚያ ስትቆም ጥልፉ ተመልሶ ጥልፍ ሆነላት። እኛ አገር የሚሠራበት ዲቪዲ ምስሉ 576 መስመር ብቻ ነው። 65 ኢንች ላይ ሲዘረጋ መስመሮቹ ለጤናማ ዓይን የሚዋሃዱት ወደ 4.8 ሜትር ሲርቁ ነው። በ43 ኢንች ግን 3.2 ሜትር ይበቃል። በኤስዲ፣ ማለትም በዚሁ ዝቅተኛ ጥራት፣ የሚተላለፍ የሳተላይት ቻናልም፣ በየቤቱ ያለው የቆየ ድራማም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ምሽት በእነዚህ የሚያልፍ ከሆነ፣ ለ3 ሜትር ሳሎን 43 ኢንች ይሻላል ብዬ በድፍረት እመክራለሁ። ዩቲዩብና ፊልም በጥሩ ኢንተርኔት የሚያዩ ወጣቶች ያሉበት ቤት 55ም 65ም ያስገባ፤ አልቃወምም። እነሱም ቢሆኑ አንድ ነገር ይወቁ፦ ከ3 ሜትር ላይ ሆኖ በ65 ኢንች ፉል ኤችዲን ከፎርኬ መለየት ለመደበኛ ዓይን እጅግ ይከብዳል።

ደግሞ ሳሎናችን እንደ ሲኒማ ቤት ሁሉም ፊት ለፊት የሚቀመጥበት አይደለም። ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ይይዛል፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ ይዘረጋሉ፤ ቡና የምታፈላዋ ከጎን ናት። ቪኤ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይደበዝዛል፤ አይፒኤስ የሚባለው ግን ጥቁሩ እንደ ቪኤ ባይጠቁርም ከጎን ለሚያይ ይስማማል። ከጎን የሚቀመጥ ሰው የማይታጣበት ቤት ይህን ከኢንቹ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ዞር ብሎ ማየት ነው።

ስለ ልጆች ከተነሳ፣ «ራቅ በሉ፣ ዓይናችሁ ይጠፋል» የሚለው ቁጣ ለዛሬው ስክሪን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀነራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ከልክ ያለፈ ኤክስሬይ የሚያወጡ ባለ ቀለም ቴሌቪዥኖች እንዳሉት ታውቆ ነበር፤ የዛሬዎቹ ስክሪኖች ግን ኤክስሬይ አያወጡም። ቀርቦ ማየት ዓይን ያደክም ይሆናል እንጂ አያጠፋም። ሁልጊዜ እየተጠጋ የሚያይ ልጅ ግን የሩቁ አይታየው ይሆናልና ከመቆጣት ይልቅ ዓይኑን ማስመርመር ይገባል። ይህን ለወላጆች ሁሉ አጥብቄ እናገራለሁ።

ከፍታውም ቸል ይባላል። ብዙ ሰው ከቡፌው በላይ ጣሪያ ሥር እንድሰቅልለት ይፈልጋል፤ ማታ ማታ አንገቱን ያመዋል። የስክሪኑ መሐል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር፣ ማለትም ከወለሉ ከ1 ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ቢሆን ይመረጣል።

ሱቁ ራሱ ያታልላል። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ 65 ኢንች ትንሽ ይመስላል፤ የሚታየውም ለማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ ፎርኬ ቪዲዮ ነው። ገዢ ቤቱ የሚያየውን ነገር በፍላሽ ይዞ ሄዶ «ይህን ክፈቱልኝ» ቢል መብቱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከካርቶን 144 በ81 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፤ የ65 ኢንች ልኩ ያ ነው። አንድ ምሽት ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ ይየው።

ሻጮችም ከዋጋው ጎን «ከዚህ ርቀት ይታያል» የሚል ቁጥር ቢጽፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው። እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይህን የርቀት ስሌት በሰንጠረዥ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የዲሽ ሠራተኛ፣ ከጀሞ