መሣሪያ ቢስት እጅ አይሳት

በጳውሎስ ሰፈር ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የወጣቶችን ጨዋታ ማዳመጥ በጡረታ ዘመኔ ያመጣሁት ልማድ ነው። ስለ ኮምፒዩተር የማይፈርዱት ነገር የለም። ስልክ ቢዘገይ «ተጠልፎ ነው»፥ ባንክ ሥራ ቢያቋርጥ «የውጭ ጠላት ሰብሮት ነው» ይላሉ። ያልመረመሩትን እንደ መረመሩ ሆኖ መናገር መጥፎ ልማድ ነው፤ ቢሆንም ይህን በዝምታ ባለፍሁት ነበር። ዝም ለማለት ያቃተኝ ሌላ ነገር ነው።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ስለ ተሳሳተ፥ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ፤ ብዙ ተማሪዎች በሌሊት በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን፥ ሥርዓቱን በማሻሻልና በመፈተሽ ሥራ ላይ የደረሰ ስሕተት መሆኑን ገለጸ። የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ አስታወቀ። ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ወጣ።

በሻይ ቤታችን ግን ያን ሌሊት እንደ ጀብዱ ያነሡታል። አንዱ «ማሽኑ ሰጠ፥ ሰው ተቀበለ፤ ይህ ምን ስርቆት አለበት?» ቢል ሁሉም ሣቁ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና መሣቅ አልቻልሁም።

ወጣት ሆይ፥ ማሽን ሰጪ አይደለም። የሚያውቀው ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ከተበላሸ እርሱም ይሳሳታል፤ ሕሊና የለውምና። ሕሊና ያለው በፊቱ የቆመው ሰው ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አንድ ጋቢ ሲሸጥልህ ተሳስቶ ሁለት ቢጠቀልልህ፥ «እርሱ ሰጠኝ» ብለህ ትሄዳለህን?

«ባንኩ ሀብታም ነው» ትለኝ ይሆናል። በባንክ ውስጥ ያለው ግን የጉልት ነጋዴዋ ቁጠባ፥ የዘበኛው ደመወዝ፥ የእኔም ጡረታ ነው። «ጥፋቱ የባለሙያዎቹ ነው» ብትለኝም በከፊል እውነት አለህ። ሥርዓት የሚለውጥ ባለሙያ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ከማዋሉ በፊት ደጋግሞ ሊፈትነው ይገባል፤ ባንክም ለስሕተቱ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ዘበኛ ስለ ተኛ ሌባው ጻድቅ አይሆንም።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ደብተር የሚቀመጥበት ቁልፍ የሌለው ሣጥን ነበረ። የፈለገ ደብተሩን አንሥቶ ሳንቲሙን ይጥላል። አንድ ቀን ሳንቲሙ ጠፋ። መምህራችን ማንንም አልገረፉም፤ በማግሥቱ ግን ሣጥኑ ተቆለፈ፥ እኛም አንድ ደብተር ለመግዛት በየጧቱ እንሰለፍ ጀመር። የሰረቀው አንድ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የተሰለፍነው ግን ሁላችን ነን። ዛሬም የምሥጢር ቁጥር የበዛብን፥ አሮጊቷ የራሷን ገንዘብ ለማውጣት የልጅ ልጇን የምትለምነው፥ ስለዚሁ ነው። ሌባ ለራሱ ያተርፋል፤ የመቆለፊያውን ዋጋ የሚከፍለው ታማኙ ነው።

ብልኅነትህን ማሳየት ከፈለግህ መንገድ አለልህ። በውጭ አገር ታላላቅ ኩባንያዎች በሥርዓታቸው ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ ለሚያስታውቃቸው ሰው ዋጋ ይከፍላሉ። ቀዳዳውን ያየው ዓይን አንድ ነው፤ ሰውና ሰው የሚለየው ካየ በኋላ በሚያደርገው ነው።

በዚያ ሌሊት ከወሰዱት አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነበረ። ከፊሉን አጥፍቶት ስለ ነበር፥ እናቱ የዕቁብ ገንዘቧን ጨምራ አብራው ሄዳ መለሰች። እርሱም አልፎ አልፎ ከሻይ ቤቱ ይመጣል። ያ ወሬ ተነሥቶ ጓደኞቹ ሲሥቁ፥ እርሱ ብርጭቆውን እያየ ዝም ይላል። ከመካከላቸው ነገሩን የተማረው እርሱ ብቻ ይመስለኛል።