የወይራ ፍልጥና የአንድ እስክሪብቶ ሒሳብ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ለወይራ የተተረተ ይመስለኛል። እኛ ዓለም ከተማ ወይራ ማለት የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ማጠኛ፣ የሽማግሌ ዱላ፣ ሲተርፍ ደግሞ ማገዶና ከሰል ነው። ከዚህ ያለፈ ዋጋ አለው ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙም አልገጠመኝም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ በትርፍ ጊዜዬ ከወይራ ቁርጥራጭ እስክሪብቶ እሠራለሁ። «ኢኮኖሚክስ ተምረህ እንጨት ትፍቃለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲህ በተማርኩት በሒሳብ ልመልስ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጫፉ፣ ኪስ ላይ የሚያዘው ክሊፕ፣ ሲጠመዘዝ ቀለሙን የሚያወጣው ብረትና ቀለም የያዘው ቀጭን ቱቦ አንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ፤ ኪት ይባላል። ከሠሪው የሚጠበቀው እንጨቱ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ለተለመደው ቀጭን እስክሪብቶ ይበቃል። ለሁለት ይቆረጥና መሀል ለመሀል በ7 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል፤ ቀጭን የናስ ቱቦ በማጣበቂያ ይገባበታል። ከዚያ ቶርኖ ላይ ታስሮ እየተሽከረከረ በመሮ ይቀረጻል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ዘይት ወይም ሰም ይጠጣል። በመጨረሻ ብረቶቹ በግፊት ይገጠማሉ። ፈተናው መብሳቱ ላይ ነው። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ከቸኮሉ መሰርሰሪያው ይግላል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። በደንብ ያልደረቀ እንጨት ደግሞ ዛሬ አምሮ ከወር በኋላ ይከፈላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 7 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አንድ የጠረጴዛ እግር አስቡ። መጋዙ የሚበላውን ቀንሰን ስንቆርጠው በውፍረቱ 9፣ በርዝመቱ 5፣ በድምሩ 45 የእስክሪብቶ ቁራጭ ይወጣዋል። አንድ የጠረጴዛ እግር 45 እስክሪብቶ! አልጋና ወንበር የሚሠሩ እንጨት ቤቶች በየቀኑ ጠርገው ለማገዶ የሚሰጡት ቁርጥራጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ13 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ የእንጨቱ ዋጋ ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ሰው የሚከፍለው ለምኑ ነው? ለድካሙና ለታሪኩ። እስክሪብቶ መሥራትን በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት የያዙ ብዙ አሜሪካውያንና እንግሊዛውያን ከቤተልሔም የመጣ የወይራ ቁራጭ ይገዛሉ፤ ቁራጩ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ወረቀትም አብሮት ይሸጣል። የቤተልሔሙ ወይራና የእኛው የዱር ወይራ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ናቸው፣ የሚለያዩት በንዑስ ዝርያ ነው። ያኛው ምስክር ወረቀት ይዞ ባሕር ይሻገራል፣ የእኛው ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ይታሰራል። ልዩነቱን ያመጣው እንጨቱ አይደለም፣ ያዡ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ ሐሳብ ሲሰማ በማግሥቱ «ለይህን ያህል ሺሕ ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ሪፖርት የመጻፍ ልማድ አለብን። ኪቱ እኮ ከውጭ የሚመጣ ነው። ርካሹ ጥቂት ዶላር ያወጣል፤ ያ ጥቂት ዶላር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ብር መሆኑ ቀርቷል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እኔ ራሴ የምጠቀመው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ የሚያመጣልኝን ነው። መብራት ሲጠፋ ቶርኖው ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ከሱቅ እስክሪብቶ ጋር በዋጋ እንወዳደር ማለት ሞኝነት ነው። በእጅ የተሠራ እስክሪብቶ የምረቃ ስጦታ፣ የእንግዳ ማስታወሻ ነው፤ ገበያውም ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

ሌላው ነገር፣ ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዕር የሚለው ቃል የመጣው ከግዕዙ «ብርዕ» ነው፤ ትርጉሙም መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። እስክሪብቶ ግን ከጣሊያን የወረስነው ነው። የቤተ ክርስቲያን ቁም ጸሐፊዎች መቃውን በቢላ ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት አዘጋጅተው፣ በከብት ቀንድ ይዘው ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ኪት አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ለዚያ እጅ የሰጠነው ክብር ምን ነበር? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ደግሞ ጠንቋይ እያሉ መስደብን መከልከል ነበረባቸው። ጸሐፊውን እንኳ! አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ዲግሪ ያለው ልጅ መሮ ሲይዝ ጎረቤት «ምነው፣ ሥራ አጣ እንዴ?» ይላል። ስድቡ ለዘብ አለ እንጂ አልጠፋም።

«እስክሪብቶ ካዋጣ የቀረችውን ወይራ አትጨርሷትም ወይ?» የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን ከሰል ዛፉን ሙሉ በሙሉ ይበላል፤ ለእስክሪብቶ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የተጣለ ቁራጭ ይበቃል። እንዲያውም የሚያምረው ጠማማውና ቋጠሮ ያለው፣ አናጢ የማይፈልገው ክፍል ነው። ደንቡ አጭር መሆን አለበት፦ ለእስክሪብቶ ተብሎ አንድም ዛፍ አይቆረጥ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቶርኖ ያላቸው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን ከቁርጥራጭ እስክሪብቶ ያሠሯቸው፤ መለካት፣ መብሳትና መቅረጽ በአንድ ትንሽ ዕቃ ይማሩበታል። ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር በፈረንጆች 1994 የጀመረችው እህትማማችነት አላት፤ እንግዳ ሲመጣ ከመርሐቤቴ ወይራ የተሠራ፣ የት እንደበቀለና ማን እንደቀረጸው የተጻፈበት እስክሪብቶ ቢሰጠው ከፕላስቲክ ዋንጫ ይሻላል። ቤት ያላችሁ ወላጆችም ልጃችሁ እንጨት ሲፍቅ ብታገኙት ሥራ ፈታ አትበሉት፤ ይልቅ መሮውን እንዴት እንደሚስል አሳዩት። የሚቀጥለውን ፍልጥ ወደ ምድጃ ከመክተታችሁ በፊትም አንዴ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።