ፋይል ሲዛወር ሊንኩም ይታሰብ

ነጋዴ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ሲያዛውር፣ ደንበኛው እንዳይጠፋበት በቀድሞው በር ላይ አዲሱን አድራሻ ይለጥፋል። የንግድ ሰነዱን ከጉግል ድራይቭ ወደ ዋን ድራይቭ ሲያዛውር ግን ይህን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ለገዢ የሚላከው ሊንክ የሚያመለክተው ጉግል ለፋይሉ የሰጠውን መለያ ነው። ስለ ሆነም ፋይሉ በዚያው በጉግል ድራይቭ ውስጥ ፎልደር ቢለውጥ ሊንኩ አይበላሽም፤ ወደ ሌላ ድርጅት ሲገለበጥ ግን አዲስ መለያ ስለሚሰጠው የቀድሞው ሊንክ አይከተለውም። አሮጌው አካውንት የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ሐምቡርግ ያለው ቡና ገዢ ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ይኸውም ጭነቱ ገና በባሕር ላይ ሳለ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው አስቀድሞ የትኛው ሊንክ ለማን እንደ ተሰጠ፣ ተቀባዩም ማየት ብቻ ወይስ ማረም ጭምር እንደ ተፈቀደለት ይመዝግብ። በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ የተጻፉት ሊንኮች ከሁሉ ይበልጥ የሚረሱ ናቸውና እነርሱም ይፈተሹ። ከተዛወረ በኋላ አዲሱ ሊንክ ለያንዳንዱ ይላክ። አንዳንዱ ድካሙን ሽቶ ላለመቀበል ፋይሉን ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ይከፍተዋል፤ የዋጋው ዝርዝር ከተወዳዳሪው እጅ የሚገባውም እንዲህ ነው። የአሮጌው አካውንት ኪራይ ቢያስቆጭም፣ በጉዞ ላይ ያለው ጭነት ደርሶ ሒሳቡ እስኪከፈል ድረስ አይዘጋ።