«አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» ያለችኝ አክስቴና የሐምቡርጓ እሁድ

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራችሁም፤ ስለ እግር ነው የማወራችሁ። ግን ታገሡኝ፣ መጨረሻው ያው ፍቅር ነው።

ባለፈው ዓመት ለአጭር የሥራ ጉዳይ ጀርመን ሄጄ ነበር። ወሬው የተሰማ ዕለት ቤታችን በዕቃ ተሞላ። አክስቴ ግን ከሁለት ኪሎ በርበሬ ጋር አንድ መልእክት ጨመረችበት። እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና «ልጄን አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ሐምቡርግ ከገባ 11 ዓመቱ ነው። በአንድ ቤት፣ ከአንድ ትሪ እየበላን ነው ያደግነው። በፊት በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። የሚልከው ፎቶ ብቻ! ውሃ ዳር ቆሞ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ... ሰፈሩም ፈረደበት። «ኮራ!» አለ ግማሹ፤ «ፈረንጅ አገባና ረሳን!» አለ ግማሹ። ሐቁን ልናገርና እኔም ከፈራጆቹ አንዷ ነበርኩ።

ነጻ የሆንኩት አንዲት እሁድ ብቻ ነበር። እሁድ ደግሞ ጀርመን አገር ሱቅ ዝግ ነው። ጫማና ሽቶ ላስገዛው የያዝኩት ረጅም ዝርዝር ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። «በእግራችን እንዞራለን። ጠዋት ዓሣ ገበያው ጋ እንገናኝ» አለኝ በስልክ። በሆዴ «ቋጣሪ!» አልኩት።

ዓሣ ገበያው እ.ኤ.አ. ከ1703 ጀምሮ ያለ ነው። እሁድ እሁድ ኤልበ ወንዝ ዳር ይቆማል፤ በሙቀቱ ወራት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ስሙ ዓሣ ይሁን እንጂ ሙዙም አበባውም ይቸበቸባል። ሻጮቹ መኪናቸው ላይ ቆመው እየጮኹ፣ ምርቃት እየጨመሩ ሲጣሩ መርካቶ የገባሁ ነው የመሰለኝ! ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያደሩ ወጣቶች ዓሣ በዳቦ እየገመጡ ይስቃሉ። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ ደም መስሎ ከተፍ አለ። «አንተም ስትጨፍር አድረህ ነው?» አልኩት። ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

ወንዙን ይዘን ወደ ትልቁ የጀልባ መሳፈሪያ አዘገምን። ሐምቡርግ የጀርመን ትልቁ ወደብ ነው፤ የሚገርመው ግን ባሕሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል! መርከቡ በወንዝ ነው የሚመጣው። እዚያው መሳፈሪያው ጋ አሮጌው የኤልበ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1911 የተከፈተ፣ ከምድር 24 ሜትር ወርዶ በወንዙ ሥር 426 ሜትር የሚያስኬድ መንገድ ነው። የተሠራው ማዶ ላሉት የመርከብ መሥሪያዎች ሠራተኞች ነው። ለእግረኛ በነጻ ነው። «እኔም ገብቼበት አላውቅም» አይለኝ መሰላችሁ? 11 ዓመት ሙሉ! ነጻውን ነገር እንኳ ሳያይ?

በዋሻው ተሻግረን ማዶ ወጣንና ቁጭ አልን። ከተማው ከነማማዎቹ ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል። እዚያ ነው የተናገረው።

«የድሮው ሥራዬ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ሌሊት ሌሊት የሆቴል ወጥ ቤት አጸዳለሁ። ዛሬም ከዚያው ነው የመጣሁት። ቤት ስደውል ሁሉም ችግሩን ይነግረኛል። የለኝም ማለት አፈርኩ። ፎቶ ግን... ፎቶ መልስ አይጠይቅም።»

ምን ልበላችሁ፤ ምላሴ ታሰረ። ለካስ ሳይተኛ ነው የሚያዞረኝ! «ተነስ፣ ሂድና ተኛ» አልኩት። «ተይ፣ ዛሬ ከተማውን እኔም ልየው» አለኝ።

እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1939 ድረስ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ወደብ ተሳፍሮ አገሩን ጥሎ ሄዷል፤ አብዛኛው ወደ አሜሪካ። ከእነዚያ መሐል ስንቱ ይሆን ሳይደላው «ደህና ነኝ» ብሎ ለእናቱ የጻፈ?

ተመልሰን ተሻገርንና ወደ ድሮዎቹ መጋዘኖች ሰፈር ሄድን። በቦይ መሐል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቀይ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 ተመረቁ፤ በ2015 ዩኔስኮ መዘገባቸው። ሲያምሩ! ግን እነሱን ለመሥራት ወደ 20 ሺህ ነዋሪ ከቤቱ ተነስቷል። ቡና፣ ሻይ፣ ቅመም የተከማቸው እዚህ ነው። የቡና መገበያያ አዳራሽም እ.ኤ.አ. በ1887 እዚሁ ተከፍቶ ነበር። ቡና ልንጠጣ ጎራ ስንል ጆንያው ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ጀርመን ዛሬም ከቡናችን ዋነኞቹ ገዢዎች አንዷ ናት። «ይሄ እንኳ ከእኔ በፊት ነው የመጣው» ብሎ ሳቀ። የዕለቱ የመጀመሪያ እውነተኛ ሳቁ ነበር።

ከዚያ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ጋ ደረስን። የማማው ቁመት 147 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1876 ከዓለም ሕንፃ ሁሉ ረጅሙ ነበር። በ1943 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ፈረሰ። ማማውን ለመታሰቢያ ተዉት። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ቆመን ሁለታችንም ዝም አልን።

መጨረሻችን 647 ክፍሎች ያሉት ማዘጋጃ ቤትና አጠገቡ ያለው የአልስተር ሐይቅ ነበር። ሐይቁን ሳየው ክው አልኩ። የፎቶው ውሃ! «ከሥራ ስወጣ ባቡር የምይዘው እዚህ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ካፖርቱ ገባኝ። እስከ አንገቱ የሚቆልፈው ለብርዱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሥራ ልብሱ አለ።

«ለእማዬ ምን ልትያት ነው?» አለኝ።

«አንተ ምን ልበላት?»

ብዙ ካሰበ በኋላ «ያየሽውን» አለኝ። የጫማና የሽቶውን ዝርዝር አውጥቼ እዚያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት።

አዲስ አበባ እንደገባሁ በቀጥታ አክስቴ ቤት ሄድኩ። «ደህና ነው፤ ግን ደክሟል። አልረሳሽም፣ አፍሮ ነው። አንቺ ደውይለት፤ ገንዘብ የሚባል ነገር ግን አታንሺ» አልኳት። ወዲያው ደወለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ተኛህ?» ከወዲያ በኩል ብዙ ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። አሁን እሁድ እሁድ ራሱ ይደውላል።

እንግዲህ ውጭ አገር ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሁሉ ምክሬን ስሙ። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ፤ አዲስ ጫማ ለጉዞ አይሆንም። የወደብ ከተማ ነፋሱ አይጣል ነውና ጃኬት ያዙ። ሲደክማችሁ ተቀመጡ፤ ጨዋታው የሚመጣው ያኔ ነው። «አምጣ» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን አብራችሁት በእግር ዙሩ። ፎቶ የደበቀውን እግር ያወጣዋልና!